ዓሣው የራቀበት ባሕር

ሰኔ 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመሪጌታ ኪዳነ ማርያም
ደባርቅ

የኔታ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እትዬ አመተ ማርያምስ እንዴት ከረሙ? ጎረቤቱ፣ ደብሩ፣ ከብቱ ሁሉ ደህና ነው? የማርያም ጥላ ከቤትዎ አይራቅ። እኔ በቸርነቱ ቆሜ እሄዳለሁ። ብርዱን ለመድሁት፤ ዝምታውን ግን ገና ነኝ።

ባለፈው «የምትኖሪበት አገር ምን ይመስላል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ኖርዌይ ከሚባለው አገር ሰሜን ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ዛፍ የሚባል የላትም። ከሱዳን የስደተኞች ሰፈር አንሥተው ሲያመጡኝ ከጀልባው ወርጄ ዙሪያውን ባይ ውሃ ብቻ ሆነብኝ። የስሜን ሰው ገደል እንጂ ባሕር መች ያውቃል? በብርዱ ወራት የዓሣ ማድረቂያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። አሁን በበጋቸው ደግሞ ማሪት ከምትባል የወፍ አጥኚ ጋር ሥራ አግኝቻለሁ። ሚዛን እይዝላታለሁ፣ የምትለኝን እጽፍላታለሁ።

የምታጠናት ወፍ ሉንደ ትባላለች። ከርግብ ትንሽ ትበልጣለች፤ ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯ ቀይና ቢጫ። የኔታ አይቆጡኝና፣ ሰብሰብ ብለው ሲቆሙ ካባ ደርበው ማሕሌት የሚጠብቁ ደብተራዎች ይመስላሉ። ዓመቱን ሙሉ ባሕር ላይ ትኖራለች፤ ወደ መሬት የምትመጣው ለመውለድ ብቻ ነው። አፈር ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ በዓመት አንድ፣ ከዚያ አይበልጥም። ጫጩቱ ሲፈለፈል እናትና አባት እየተፈራረቁ ባሕር ይወርዳሉ። ሄሪንግ የሚሉት ዓሣ አለ፤ የእሱ ጫጩት፣ ጣት የማያህል ነገር፣ በዚህ ወቅት ከደቡብ ከሞገዱ ጋር እየተነዳ በደሴቲቱ አጠገብ ያልፋል። ሉንደዋ አሥሩንም ሃያውንም በምንቃሯ ደርድራ ይዛ ትመለሳለች። ዘንድሮ ዓሣው ሞልቷል። ከቤቴ ጀርባ ባለው ጉድጓድ ያለው ጫጩት እንደ ዱባ ተድበልብሏል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ስለ ልጄ ስለ እየሩስ መጠየቅ ስለፈራሁ ነው። ስምንት ዓመት ሞላት። ትታመማለች? ትበላለች? ቁመቷ የት ደረሰ? ጫማ ልልክላት ስለምፈልግ የእግሯን ልክ ይላኩልኝ።

እዚህ ያለው መሥሪያ ቤት ልጄን ለማምጣት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶሻል ብሎኛል፤ ያሳደጓት ሰው ደባርቅ ፍርድ ቤት ቀርበው መፍቀዳቸውን እንዲናገሩ። ባለፈውም ጽፌልዎት ነበር። ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።
ጽጌሬዳ


ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ።
ይድረስ ለእኅቴ ልጅ ለጽጌሬዳ፤ ሰላመ እግዚአብሔር በባሕር ማዶ ካለሽበት ይድረስሽ።

እኛ ለስሙ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። ክረምቱ ዘንድሮ ጸንቶ ስለ ነበር መልሴ ዘገየ። ገብሱ ደህና ነው፤ ስንዴውን ግን ዋግ ነክቶታል። ሻሾ ላም ወልዳለች። አመተ ማርያም ወገቧን ታምማ ጠበል ስትመላለስ ከርማ አሁን ተሽሏታል።

እየሩስ ጤና ናት። ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ማታ ማታ ደግሞ እኔ ዘንድ ዳዊት ትደግማለች። ድምፅዋ የእናትሽ፣ የእኅቴ ድምፅ ነው። እግሯን ወረቀት ላይ አስቁሜ በእርሳስ ከብቤ ልኬልሻለሁ። ቶሎ ታድጋለችና ጫማው ሰፋ ይበል።

ደብዳቤሽን አነበብሁላት። ስለ አንቺ ያለውን እንደ ሰው ወሬ ሰማች። ስለ ወፊቱ ስደርስ ግን ተነሥታ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«አባ፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ሲቀር አይፈራም?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር አብሮት አለ።»

«እሱማ አለ። እናቱስ? በየስንት ጊዜው ትመጣለች?»

ይህን እኔ አላውቅም፤ አንቺ መልሺላት። ጎረቤታችን ክንዴ፣ ጨነቅ ላይ የስሜን ፓርክ ጠባቂ የሆነው፣ ቡና ሊጠጣ ሲገባ ያዘችውና ስለ ገደሉ ጥንብ አንሳ ስትመረምረው አመሸች። «የሚመጣው ዓመት ጫጩት ስሙ ገዱ ይሁን ይበሏት፤ ፎቶውንም ትላክ» ብላለች። እኔም እንዳለችው ጻፍሁ።

ሌላ የሚጻፍ ነገር የለኝም። አመተ ማርያም ሰላም ብላሻለች። የአባቶቻችን አምላክ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ ኪዳነ ማርያም


ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

የኔታ፣

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ጀልባው ሊሄድ ነው። ፎቶው እነሆ፤ ገዱ ይህ ነው። ከተፈለፈለ ሳምንት አልሞላውም። እንዲህ ጥቁር የላባ ጥቅልል ብቻ ነው፤ ዓይኑን ፈልጋ ታግኘው። እናቱ በየስንት ትመጣለች ላለችው፣ ዓሣው ቅርብ ሲሆን በቀን ብዙ ጊዜ ትመላለሳለች ይበሉልኝ።

ዘንድሮ ግን ወፎቹ ከባሕር ሲመለሱ ይዘገያሉ። ማሪት አንዱን ጫጩት ሁለት ሦስቴ ደጋግማ ትመዝናለች። ለልጅቱ ይህን አያንብቡላት።

ጫማው ልክ ሆናት? የፍርድ ቤቱን ነገርስ? መልስዎን እጠብቃለሁ።

ጽጌሬዳ


ነሐሴ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

የኔታ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የፍልሰታ ጾም ለሁላችሁ የበረከት ይሁን።

ገዱ ሞተ።

እንዴት አድርጌ ልጻፍ ብዬ ብዙ አሰብሁ። በሮ ሄደ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን ልጄ ከእኔ የምትሰማው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ሐሰት ካደረግሁት ምን ይቀረኛል?

የሄሪንጉ ጫጩት ዘንድሮ በደሴቲቱ በኩል አላለፈም። ለምን እንደሆነ እዚህም ሰዉ አይስማማም። መጀመሪያ ወላጆቹ በየጥቂቱ ያመጡ ነበር፤ ቀጥሎ የሚያመጡት ዓሣ እንደ ክር የቀጠነ ሆነ፤ ስብ የለው፣ ሥጋ የለው። ከዚያ በቀን አንዴ። ከዚያ ቀሩ። ጠዋት ማሪት ክንዷን እስከ ትከሻዋ ጉድጓዱ ውስጥ ከትታ አወጣችው። መዳፏ ላይ ምንም ክብደት አልነበረውም። ጎኑ ካለው ጉድጓድም፣ ከዚያ ወዲያ ካለውም እንዲሁ። ተራራው ሙሉ ጫጩት ነበር፤ አሁን የሚበር ዝንብ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዓሣ አጥማጆች «እኛ ልጆች ሳለን ሄሪንጉ ተጠምዶ ያለቀ ጊዜም እንዲህ ሆኖ ነበር» ይላሉ።

ማንበቡን ወይም መተዉን ለእርስዎ ትቻለሁ። የሚያሳድጓት እርስዎ ነዎት።

ጽጌሬዳ


ኅዳር 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ።
ለጽጌሬዳ፤ የጽዮን እመቤት ሐዘንሽን ታቅልልሽ።

ሁለቱም ደብዳቤሽ በአንድ ቀን ደረሰኝ። ፎቶውን ሰጥቻት ስትደሰት አየሁና ሁለተኛውን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሰነበትሁ። ኋላ ግን «ሐሰት አልጽፍም» ያልሽው እኔንም ያዘኝ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ቁጭ አድርጌ አነበብሁላት።

አላለቀሰችም። ፎቶውን ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው። ራቷንም አልበላችም። አመተ ማርያም ስታባብላት «እማ፣ ተዪኝ» አለቻት። በነጋታው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደጅ ላይ አገኘችኝና እንዲህ ጠየቀችኝ፤

«አባ፣ እናቱ ትታው ነው የሄደችው?»

እኔ አርባ ዓመት መጽሐፍ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የቁራ ጫጩቶች ሲጮኹ የሚመግብ እሱ ነው ብዬ ከመዝሙሩ ልጀምርላት ነበር፤ ዓይኗን አይቼ ተውሁት። የምትጠይቀኝ ስለ ወፍ እንዳልሆነ ገባኝ። አንቺም ይገባሻል።

ስለዚህ አንቺው መልሺላት። አሳምረሽ አትጻፊ፤ እንደሆነው ጻፊ።

አጎትሽ ኪዳነ ማርያም


ጥር 14 ቀን 1998 ዓ.ም.

የኔታ፣ ጥምቀቱ እንዴት ዋለ? ታቦቱን አጅበው ሲመለሱ ለማየት አልታደልሁም፤ እኔ ፀሐይ እንኳ የማይወጣበት ወር ላይ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእየሩስ ያንብቡላት።

እየሩስ፣

እናቱ ትታው ሄደች ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ያየሁትን ልንገርሽ። ያላየሁትን አልነግርሽም።

ዓሣው ቅርብ ሳለ ከጉድጓዱ ደጅ ቆመሽ ብታዪ ስትወርድና ስትመለስ ታያታለሽ። ዓሣው ሲርቅ ርቃ ሄደች። ማሪት እንደምትለው አንዳንዶቹ ደርሶ መልስ የቀን መንገድ የሚሆን ባሕር ያቋርጣሉ። የምታገኘው ትንሽ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው። አንድ ጊዜ ስትመለስ አይቻታለሁ። ነፋሱ እየገፋት ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ተነሣች፤ ምንቃሯ ላይ ሁለት ቀጫጭን ዓሣ ነበሩ። እንዲያ ሆና ገባች። ማሪት ይዛ ስትመዝናት የደረት አጥንቷ እንደ ቢላዋ ስል ሆኖ ይታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ባሕር ላይ ቀርታለች።

ማሪት እንዲህ አለችኝ፤ «ሉንደ ሠላሳ ዓመት ትኖራለች። ጫጩቱን ልመግብ ብላ እሷ ከሞተች እሱም ይሞታል፤ የሚቀጥሉት ዓመታት ጫጩቶችም አይወለዱም።» የተማረች ናት፣ እውነቷን ነው። ግን ወፊቱ ይህን አስልታ የሄደች አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ደግማ ዓሣ ልትፈልግ የወጣች፣ ከዚያም መመለስ ያቃታት ነው የሚመስለኝ። ልቧን አላውቅም። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው መቅረቷን ብቻ ነው። ተቀይሞ ቢሆን አልፈርድበትም።

አባትሽ ታደለ ጦርነቱ ላይ ሲቀር አንቺ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እኔ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስሄድ «ለአንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። የምለው ይኸው ነው።

እናትሽ ጽጌሬዳ


ሰኔ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ።
ይድረስ ለልጄ ለጽጌሬዳ። እንኳን ለጰራቅሊጦስ በዓል አደረሰሽ።

ብዙ ወር ዝም ብዬሻለሁ። የሆነውን በተራ ልንገርሽ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እየሩስ ከመደቡ ላይ፣ አመተ ማርያም ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ስጨርስ ልጅቱ ዳዊቷን ከፍታ የገዱን ፎቶ ታይ ጀመር። አመተ ማርያም ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ብትቆይብኝ ጊዜ ተከትዬ ብወጣ ከጋጣው ደጅ ቆማ አገኘኋት።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። እኔ ሳላገባት በፊት አመተ ማርያም ጃናሞራ ላይ ባል ነበራት፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ባሏ ሞተ። ልጆቹን ለእናቷ ትታ እርዳታ እህል ይሰጣል ወደ ተባለበት ወደ ዳባት በእግሯ ወረደች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እህሉም ቶሎ አልመጣም። የቻለችውን ተሸክማ ስትመለስ ሁለቱንም ተቀብረው አገኘቻቸው። ይህን የነገረችኝ የታጨን ሰሞን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሲሆን ስማቸውን እንኳ አንሥታ አታውቅም። ከእኔም ሳትወልድ ቀረች። እየሩስን ስታመጪልን ይህች ቤት እንዴት እንደበራች አይተሻል።

ከጋጣው ደጅ እንዲህ አለችኝ፤ «ያቺ ወፍ አልተወችውም። ባሕሩ ነው የከለከላት።»

ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አነሣች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት ይሂዱ ስትልዎ እኔን ፈርተው ነው ያልሄዱት። አውቃለሁ። እኔም ደስ ብሎኝ ዝም ብያለሁ» አለች። «እኔ ተሸክሜው የመጣሁት እህል ለልጆቼ አልደረሰላቸውም። የእሷ ልጅ ግን በሕይወት አለች። አንቱ፣ ምን አድርገን ነው ከዚች ሴት መንገድ ላይ የቆምነው? ነገ ይሂዱና ቃልዎን ይስጡ።»

«አንቺስ?» አልኋት።

«እኔማ ምን እሆናለሁ? የምችለውን እችላለሁ» አለችኝ፤ ገብታም እንጀራ አቀረበች።

ሄድሁ። ዳኛው ፊት ቆሜ ፈቅጃለሁ አልሁ። ጽሕፈት ቤቱ እየተመላለስሁ አስጨርሼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ልጅቱንም ጠየቅናት፤ ሳንጠይቃት አንልካትም። ሦስት ቀን አሰበችና «ወፎቹን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። እናቴን አላለችም። እንደሆነው ጻፊ ያልሁሽ እኔ ነኝና እኔም እንደሆነው ጻፍሁልሽ።

አምላከ ኪዳን ያገናኛችሁ።
አጎትሽ ኪዳነ ማርያም


ነሐሴ 1 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለየኔታና ለእትዬ አመተ ማርያም፤ የወለዳችሁኝ ያህል ለሆናችሁኝ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ።

እየሩስ በሰላም መድረሷን በስልክ ሰምታችኋል። የቀረውን በስልክ መናገር አልቻልሁም።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስሟ የተጻፈበት ካርድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከአስተናጋጇ ጋር ወጣች። ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል። እኔ ሮጬ ላቅፋት ስል እሷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ። «እንደምን ሰንብተዋል?» አለችኝ። አንቱ ነው ያለችኝ፣ የኔታ፤ እንደ መንገደኛ፣ እንደ ሰው አክስት። ጨዋ አድርጋችሁ አሳድጋችኋታልና ምን ልበል? «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» አልኋት።

እንዲያው አንቱ እያለችኝ ሁለት ወር ኖርን። ይብሉ ስትለኝ እበላለሁ። ማታ ዳዊቷን ትደግማለች፤ እኔ በግድግዳው ማዶ እሰማለሁ።

ወፎቹን በመጣች ማግስት ወስጄ አሳየኋት። ተራራው ላይ አልነበሩም። ዘንድሮ ደግሞ ዓሣው ጨርሶ ስለ ጠፋ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ሳያሞቁ ትተው ባሕሩ ላይ ተንሳፍፈው ነበር የሚታዩት፤ ከሩቅ እንደ ተበተነ ጤፍ። ማሪት እጇን ይዛ ወሰደቻትና ከአንዱ ጉድጓድ እንቁላል አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችላት። እየሩስ ለብዙ ጊዜ ይዛው ቆየች፤ ሊሞቅላት መሰላት።

ዘንድሮ የሚመዘን ጫጩት ስለሌለ በበጋውም ወደ ዓሣ ቤቱ ሥራ ተመልሻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት አብራኝ ሄደች። ጀልባ ገብቶ ስለ ነበር ክንድ ክንድ የሚያህል ዓሣ ከወለሉ እስከ ወገብ ተከምሯል። እኔ ሽርጤን ታጥቄ ቢላዋዬን ይዣለሁ። በሩ ላይ ቆማ ክምሩን አየች።

«ይህ ሁሉ ዓሣ እያለ ነው ወፎቹ የሚራቡት?»

«ይህ ትልቁ ዓሣ ነው። ጫጩት አይውጠውም። እነሱ የሚፈልጉት ትንሹን ነው» አልኋት።

«ትንሹስ የት ሄደ?»

«አንዱ ባሕሩ ሞቀ ይላል። አንዱ ሞገዱ መንገዱን ለወጠ ይላል። አንዱ ደግሞ አብዝተን አጠመድን ይላል። የሚያውቅ የለም።»

ፊቷ ተለዋወጠ። እንዲያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፤ መች አብሬያት ኖርሁና! «አንቺስ?» አለችኝ ጮኻ፤ ሠራተኛው ሁሉ ዞር አለ። «አንቺም ታርጃለሽ! አንቺም አለሽበት! እነሱ ልጆቻቸው እየሞቱ አንቺ እዚህ ቆመሽ ትከትፊያለሽ! ለምን መጣሽ እዚህ? ለምን አልተመለስሽም?»

ቢላዋውን አስቀመጥሁ። «አዎ፣ አለሁበት። እንጀራዬ ነው» አልኋት። «ሁለተኛው ጥያቄሽ ይረዝማል። እዚህ ቆመን የምንጨርሰው አይደለም። ቤት እንሂድና ስድቡም ቢሆን ሁሉንም ንገሪኝ።»

አብራኝ መጣች። መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ቤት ገብተን ግን እስኪደክማት ድረስ ተናገረች፤ ከዚያም አለቀሰች። በየዓመት በዓሉ የሌላ ልጅ እናት ስትመጣ ደጅ ቆማ ታይ እንደነበር ነገረችኝ። እኔም የሱዳኑን፣ የበረሃውን፣ መመለሻ ያጣሁበትን ነገርኋት። ያመነችኝን አመነች፤ ያላመነችኝን ትታዋለች። ታረቅን አልልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አንቱ ብላኝ አታውቅም። ሽሮሽ ጨው በዛበት ብላ ትቆጣኛለች። ጫማዬን ሳታስፈቅድ ትጫማለች።

እትዬ አመተ ማርያም፣ ይህን የኔታ ያንብቡልዎ። እየሩስ እማ የምትለው እርስዎን ነው፤ በየቀኑ ስምዎን ታነሣለች፣ እኔም አልከለክላትም፣ እንዲቀርም አልፈልግም። የሚመጣው በጋ ትመጣለች፤ እኔም አብሬያት መጥቼ እግርዎን እስማለሁ። እኔን ምን ብላ እንደምትጠራኝ ገና አልወሰነችም። እስክትወስን «አንቺ» ይበቃኛል።

ልጃችሁ ጽጌሬዳ